ዕቃውን በቀኝ ትከሻሽ

ኅዳር 3

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣ ለቤታችን ሸማኔ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጅህስ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን በስልክም ነግሬህ ነበር፤ አንተ ግን ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ ይብቃን» ከማለት ሌላ ቃል አታውቅም። እንደ ድሮው በጨርቁ እጥፋት መሃል ወረቀት እናድርግ ያልከውን ስለዚህ ተቀብያለሁ። የእኔ በሚመለሰው ባዶ ሻንጣ ውስጥ ይመጣልሃል።

የሰው አገሩን ብርድ በዚያ ቀሚስ እንዴት ቻልሽው ላልከው፣ መልሱ ከቀሚሱ ስር ነው። የሱፍ ሱሪ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ፣ ከላይ ስስ ሹራብ። ከውጭ የሚታየው አንተ የሠራኸው ብቻ ነው፤ ከውስጥ ያለው የእኔና የብርዱ ጉዳይ ነው። ደረጃ ስወጣ ጠርዙን በሁለት ጣት ብቻ አነሳለሁ፤ በጭብጥ ከያዝኩት ጥለቱ ይጨማደዳል፣ ሰውም የቸገረኝ ይመስለዋል። መቀነቱን ተቀምጬ ነው የማስረው፤ ቆመው ያሰሩት ሲቀመጡ ሆድ ይቆርጣል። ነጠላዬን ነፋስ እንዳይወስደው በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ፤ ቁልፉ ከእጥፋቱ ስር ስለሆነ ማንም አያየውም። ከዚህ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ልብስ መልበሴንም እረሳለሁ። የሚያስታውሰኝ ሰው ነው።

ሱቄ ጣሪያው መስታወት በሆነ ረጅም መተላለፊያ ውስጥ ነው። አንዱ በር ባቡር ጣቢያ፣ ሌላው ወንዝ ዳር ያወጣል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ በሁለቱም በር ይገባና መሃል ላይ፣ እኔ ፊት ይገናኛል። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የጫማው ድምፅ ይደርሳል፣ ቀጥሎ ጥላው፣ በመጨረሻ ፊቱ። የሰቀልኳቸው ቀሚሶች በዚያ ሰዓት ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። አንዳንዴ ከመካከላቸው እኔ የትኛዋ እንደሆንኩ ይጠፋኛል።

ፊቱ የደረሰ ሁሉ ይጠይቃል። «ሠርግ አለ?» ይላሉ። «ሥራ አለ» እላለሁ። «ከባድ ነው?» ይላሉ። «ከእርስዎ ካፖርት ይቀላል፣ ይያዙት» ብዬ ጫፉን አቀብላለሁ። አንዷ «በዚሁ ነው የሚተኙት?» አለችኝ። «እንደርስዎ ቆንጆ ፒጃማ ቢኖረኝ አልተኛበትም ነበር» አልኳት፤ ስቃ ነጠላ ገዛች። እየለመድኩ ስሄድ አንድ ነገር አወቅኩ፤ በእጁ የሚጠይቅ ይገዛል፤ በአፉ ብቻ የሚጠይቅ ባቡሩ እስኪመጣ ነው። ለሁለቱም ግን እኩል እመልሳለሁ፤ ባቡር አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል።

የፋብሪካ ጨርቅ አከፋፋዩ መጥቷል ወይ ላልከው፣ አዎ መጥቷል። በእኛ ጥለት አምሳያ በመኪና የታተመ ጨርቅ አሳየኝ። ከሩቅ ያምራል። እሺም እምቢም አላልኩትም። የሱቁ ውል የሚያልቀው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ገበያው ከደራ እቆያለሁ፤ ካልደራ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ፣ የአንተም መሸመኛ ዝም ይላል። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ ሳይሆን አብረን እንድናውቀው ነው።

የለበስኩት ቀሚስ ብብቱ ላይ እየሳሳ ነው። አዲስ አንድ ጀምርልኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 27

ይድረስ ለእትዬ፣ ለነጋዴዋ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፣ ይብቃን። (በወረቀትም ያምርብኛል።)

ፊደልህ ለምን ተለቀ ላልሽው፣ አንቺ ዕድሜሽ ገፍቷል፣ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው። መስመሩ እንደ ድር ቀጥ ብሏል ማለትሽን ግን እንደ ምስጋና ወስጃለሁ።

ዕቃው የዘገየው ክር ስለዘገየ ነው። ሌላ ነገር የለም።

ላንቺ የሚሆነውን ቀሚስ ገና አልጀመርኩም። ላንቺ ስሠራ ብርሃን እመርጣለሁ፤ የሰሞኑ ብርሃን ደግሞ ጥሩ አይደለም። ያለሽን ብብቱን በውስጥ በኩል በስስ ጨርቅ ደግፈሽ ስፊው። ስትሰፊ ግን ትከሻውን እንዳትነኪ።

ስለ ጭጋጉ የጻፍሽውን ደጋግሜ ሰማሁት። ጨምሪልኝ። ሰው እዚያ ውስጥ እንዴት ይተዋወቃል? እጅ ለመጨበጥ መጀመሪያ የሚዘረጋው ማን ነው? ሰላም ያልሽው ሰው ሌላ ሆኖ ሲገኝስ ምን ትያለሽ? አትሳቂ፣ እንዲሁ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ዕቃውን በቀኝ ትከሻሽ ተሸከሚ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 14

ወንድም ዓለም፤

እንደምን አለህ? ክሩ ደረሰ? ብርሃኑስ?

መጀመሪያ ይቅርታ። ባለፈው ወረቀቴ «ከልጅነቴ ጀምሮ ዕቃ በየት በኩል እንደምሸከም የምታዘኝ አንተ ማን ነህ» ብዬ የጻፍኩት ደክሞኝ ስለነበር ነው። ግን እውነትም ሰልችቶኛል። ሰው ደብዳቤውን በሰላምታ ይጨርሳል፤ አንተ በሸክም። ሠላሳ ዓመት የጨርቅ ጥቅል የተሸከምኩት በግራ ነው፤ ቀኝ እጄ ለመደራደር ነጻ መሆን አለበት።

ስለ ጭጋጉ እንዲህ ነው። ሰው በድምፅ ይተዋወቃል። ባለ መጽሐፉ ጎረቤቴ ሲመጣ ቁልፎቹን ያንቃጭላል፤ አበባ ሻጯ ሳትታይ ትስላለች። መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ያልፈራው ነው። ሰላም ያልኩት ሰው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ «ለእርስዎም ነበር» እላለሁ። እስካሁን የተቀየመ የለም። ትናንት እንዲያውም መስታወት ውስጥ ያለችውን ራሴን እንደምን አደርሽ ብያታለሁ። ነጭ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ፣ ከጭጋጉ ወደ እኔ ስትመጣ ደስ የምትል ሴት መሰለችኝ።

አሁን ወደ ሥራ። ከወንዙ በር አንዲት በጣም ረጅም ሴት እየመጣች ትጎበኘኝ ነበር። አትነካም፣ አትገዛም፤ ቆማ ታየኛለች። ለብዙ ቀን እንዲህ ቆማ ካየችኝ በኋላ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለች።

«ሠርግ የለኝም» አልኳት ቀድሜ።

«አይደለም። እንዲህ ያለ ረጅም ልብስ የለበሰ ሰው ይጎትተዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ይረግጠዋል። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ሲነኩት አላየሁም። እንዴት ነው እንዲህ የሚመችዎት?»

«ስለለመድኩት ነው» አልኳት።

ረጅሟ የሴቶች ኅብረ ዜማ ቡድን መሪ ናት። ስምንት ናቸው። በየካቲት አጋማሽ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይዘፍናሉ፤ የሚለብሱት ልብስ ሁሌ ስለሚያስጨንቃቸው ሲዘፍኑ ትንፋሽ ያጥራቸዋል አለችኝ። ስምንት ቀሚስ ይፈልጋሉ፤ «ልክ እንደ እርስዎ» ነው የተባልኩት። ይህ ሥራ ካማረ ሱቁን ለዓመት አድሳለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ነገ ጠያቂ ነው። ካላማረ አላድስም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቆሟል።

ቁመትና ደረታቸውን በሌላው ወረቀት ላይ ጽፌልሃለሁ። አቆራረጡን ግን ሳጥኑ ውስጥ ከተውኩት አሮጌ ቀሚሴ ውሰድ። ምንም እንዳትለውጥ፤ ልክ እንደ እኔ ይሁን።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 30

እትዬ፤

ትእዛዙ ደርሷል። ይደርሳል።

ብቻህን ነው የምትሠራው ወይ ላልሽው፣ እጅ አልጎደለኝም። ከተማ ወርዶ ነበር የተባልሽው እውነት ነው፤ ለግል ጉዳይ ነው። ያየኝን ሰው ወሬኛ ነህ በይልኝ።

ጭጋጉ ውስጥ ሰላም ያልሻት ሴት ደስ ብላኛለች። እኔም አውቃታለሁ፤ ቀጥ ያለች ናት።

ዕቃውን በቀኝ ትከሻሽ። ብትቆጪም።

ወንድምሽ

*

ከማስታወሻዬ፣ ጥር 21

ዛሬ ለማንም ደብዳቤ አልጽፍም። የሆነውን ብቻ ላስቀምጥ።

ስምንቱ ቀሚሶች ደረሱ። ሽመናው ጥሩ ነው፤ ጥለቱ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ እንደ ቅርብ ጊዜ ዕቃዎቹ ሁሉ ከወንድሜ ጠበቅ ያለ ነው። «ክሩ አዲስ ስለሆነ ነው» ብዬ አለፍኩት። ማለፍ አልነበረብኝም፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ።

ሴቶቹ መለማመጃ ክፍላቸው ውስጥ ለበሱ። ከወለል እስከ ጣሪያ መስኮት ነው፤ ከውጭ ወንዙና ጭጋጉ አንድ ሆነዋል። ስምንቱም በመስኮቱ ፊት ተሰለፉ። ነጭ በነጭ ላይ፤ ፊታቸው ብቻ የተንሳፈፈ መሰለ። ለአፍታ ደስ አለኝ።

«በግራ በኩል ካልሲዬ ይታያል» አለች አጭሯ።

«የኔም!»

«እኔ ደግሞ እግሬ ያደገ መስሎኝ!»

ግራው ከፍ ብሏል። በስምንቱም፤ አንድ ጣት ያህል። ስህተት ቢሆን አንዱ ይለያል፤ ይህ ግን ስምንት ጊዜ በጥንቃቄ የተሠራ ነው።

ረጅሟ አልተቆጣችም። ወደ እኔ መጥታ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ የእኔን ጠርዝ ተንበርክካ አየች። ቀጥ ያለ ነው። ጭራሽ ግራ ገባት። «ቢያወልቁትና ጠረጴዛው ላይ ብንዘረጋው?» አለች። አንዷ ካፖርቷን አለበሰችኝ፣ ቀሚሴን ዘረጋነው።

የእኔም ግራው አጭር ነው።

ከዚያ አጭሯ፣ ቀልደኛዋ፣ «ታዲያ ይህ የተሰፋው ለእንዲህ ዓይነት ሰው ነው» ብላ የግራ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። ጠርዟ ቀጥ አለ። የቀሩትም እየሳቁ እንደሷ አደረጉ፤ ስምንት ሴቶች፣ ነፋስ እንዳገኘው ሸንበቆ፣ አንድ ላይ ወደ ግራ ዘንበል አሉ። ስምንቱም ቀሚስ ውሃ ልክ ሆነ።

እዚያ መስኮት ፊት ራሴን ስምንት ጊዜ አየሁት።

ጠማማ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ካፖርት ውስጥ ሆኜ፣ ዛሬ አወቅኩት። ሲቀጥል ደግሞ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው፣ ለእነዚህ ሴቶች ሲሆን ግራና ቀኙን እኩል ይቆርጥ ነበር። ስለዚህ የቆረጠው እሱ አይደለም።

የምጽፈው ለእሱ አይሆንም። ለልጁ ነው።

*

የካቲት 4

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ለእኔ ብቻ ተብሎ ሲመጣ ገና ሳልከፍተው ነገሩ እንደ ታወቀ ገባኝ። በቀጥታ ጠይቀውኛልና በቀጥታ እመልሳለሁ።

አዎ፣ የሸመንኩትም የቆረጥኩትም የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ከሐምሌ ወዲህ የላክናቸው ሁሉ የእኔ ናቸው። የአባቴ ዓይን ላይ ሞራ ወጥቶበታል። መጀመሪያ ቀጭን ክር ጠፋው፣ ቀጥሎ ቀለም፤ አሁን ፊት አይለይም። ሁሉም ነገር ጭጋግ ውስጥ ነው ይላል። የእርስዎን ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነኝ። ስለ ጭጋጉ ያለውን እያስደገመኝ ነው የሚሰማው፤ «ለእርስዎም ነበር» የሚለውን ተምሮታል፣ ሰፈር ውስጥ ይጠቀምበታል።

ፊደሉን የሚጽፈው ግን ራሱ ነው። መስመር እንዳይስት ወረቀቱ ላይ የድር ክር ይወጥራል፤ በክሩና በክሩ መሃል ይጽፋል። ላግዝህ ስለው «የእህቴን ነገር ለእኔ ተዪ» አለኝ።

ስለ ግራው ደግሞ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቀሚስዎን ስገለብጥ ማጠሩን አይቻለሁ። የአባቴ አሠራር መስሎኝ፣ እንዳላበላሽበት ብዬ፣ ጣቴን እያስቀመጥኩ በስምንቱም ላይ ደገምኩት። ያን ቀን ለዓይኑ ከተማ ወርዶ ነበር። ቢኖርም ባልጠየቅኩት ነበር፤ ስለ ሥራው ስጠይቀው ፊቱ ይለወጣል።

ደብዳቤዎን ሳነብለት፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ለእኔ ብቻ የተባለውን ደብቄ መያዝ አልቻልኩም፣ ሴቶቹ ወደ ግራ ያዘነበሉበት ቦታ ላይ ሲስቅ እንባው መጣ።

«ነግሬያታለሁ ማለት ነው» አለ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርካትም?» አልኩት።

«ከዕለታት አንድ ቀን ገበያ ውላ ስትመጣ ልብሷ በአንድ በኩል መሬት ሲጠርግ አየሁት። ብነግራት ትከሻዋን ስታስብ ትውላለች። ጨርቁን መንገር ይቀላል ብዬ ለጨርቁ ነገርኩት። ለእሷ ዕቃውን በቀኝ ያዢ አልኳት፤ መቼ ሰማችኝ!»

ትከሻዎ በየጊዜው ጥቂት ዝቅ ሲል እሱም በየቀሚሱ ጥቂት ይቀንስ ነበር። በዓይኑ ብቻ፤ አንድም ቀን አልለካዎትም። አዲሱን ያልጀመረልዎት ለዚህ ነው። «ሳላያት ብቆርጥላት ሰው ፊት ታፍራለች» ይላል። ለእኔም አይሰጠኝም።

ሐኪሙ አንዱን ዓይን መሥራት ይቻላል ብሎታል። አባቴ ግን ፈርቷል፤ የፈራው ቢላዋውን አይደለም። ሐኪም ቤት ከተኛ አለማየቱ ይታወቅና እርስዎ ከፋብሪካው ሰውዬ ጋር ተስማምተው ሱቁን በእሱ ጨርቅ ይሞሉታል ብሎ ነው። «እህቴ ነጋዴ ናት፤ እኔም ብሆን ይህን አደርጋለሁ» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ቀሚሶቹን ካበላሸሁ እከፍታቸዋለሁ፣ እንደገና እሠራቸዋለሁ። ይላኩልኝ ብቻ።

የወንድምዎ ልጅ

*

የካቲት 26

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣ በልጅህ አንደበት፤

(አንቺ ልጅ፣ ምንም ሳታስቀሪ አንብቢለት። «ለአንቺ ብቻ» ያልኩትን እንዳነበብሽለት ሁሉ ይህንንም ጮክ ብለሽ።)

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሱቁን ልትዘጊ ነው ወይ ብለህ ያስጻፍከው ደርሶኛል። ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ እሱን። አድሼዋለሁ። ለአንድ ዓመት።

ስምንቱ ቀሚሶች አልተመለሱም። በቀኝ ትከሻቸው ላይ ያለውን ስፌት ፈትተን አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረግነውና ጠርዙ ተስተካከለ፤ የታጠፈው ከነጠላው ስር ስለሆነ አይታይም። ሰባቱን ነው ያስተካከልነው። አጭሯ እምቢ አለች። «እኔ ዘንበል ብዬ ስዘፍን ድምፄ ይወርዳል፣ ጥሩ ሆኖልኛል» ብላ እንዳለ ለበሰችው። አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ቀስ ብሎ ሲበራ፣ ያ ሁሉ ነጭ ከጨለማው ሲወጣ፣ ጥለቱ በስምንት ቦታ አንድ ላይ ሲተነፍስ ምን እንደሚመስል ልነግርህ ብችል ደስ ባለኝ። አልችልም። አንድም ልብሱን የነካች ሴት አልነበረችም፤ እሱን ብቻ ልነግርህ እችላለሁ። ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ማን ነው የሠራው?» አለኝ። ስንት ነው ያላለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። «የወንድሜ ልጅ» አልኩት።

አከፋፋዩን እምቢ ብዬዋለሁ። ላንተ ብዬ ነው ብለህ እንዳታለቅስ። የእሱን ጨርቅ ለብሼ ሁለት ቀን ቆሜበት ነበር፤ ሳልሞክር አልወስንም። አንድም ሰው ምንም አልጠየቀኝም። የማይጠየቅ ሻጭ ዕቃ ጠባቂ ነው። ሽመናው የልጅህ ይሁን፤ ጠርዟ ካንተ ይጠብቃል፣ እንዳትኮርፍ። አቆራረጡን ግን አንተ ነህ የምታስተምራት፤ ጨርቁ የሚነገረውን ነገር ሁሉ።

ሐኪም ቤት ሂድ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ረጅሟ ዛሬ ጠዋት መጥታ ነበር። የድሮ ጥያቄዋን ደገመችው፤ ታውቃለች እኮ፣ ሆን ብላ ነው። «አሁንስ? እንዴት ነው እንዲህ የሚመችዎት?» አለችኝ። ለሰው ሁሉ ፈጣን መልስ አለኝ፤ ለእሷ ግን ጭጋጉ በሁለቱ በር ገብቶ እስኪገናኝ ድረስ ነጠላ ሳጣጥፍ ቆየሁ። ከዚያ «አንድ ሰው ሲያየኝ ኖሮ ነው» አልኳት።

ብርዱ ሲያልፍ ለጥቂት ቀን እመጣለሁ። ዓይንህ ተሠራም አልተሠራም፣ ፊትህ እቆማለሁ፤ በእጅህ ለካኝ። ሁለቱንም ትከሻ።

በመካከሉ ደግሞ ታዝዤህ ነበር። የልጅህ ወረቀት ከደረሰኝ ወዲህ ዕቃውን ሁሉ በቀኝ ትከሻዬ አደረግኩት፤ ስቆምም ቀጥ ብዬ ለመቆም ታገልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ መስታወቱ ውስጥ ያቺ ሴት ከጭጋጉ ስትመጣ ቀሚሷ በግራ በኩል ከፍ ብሎ ካልሲዋ ይታያል። እኔ ስቃና ያንተ ልብስ ተጣመመ።

ስለዚህ ሻንጣውን ወደ ግራ መልሼዋለሁ። አዲሱን እስክትቆርጥልኝ፣ በዚህ ልክ ልጠብቅህ።

እህትህ